«የሰው ኩላሊት ነው የያዝኩት» በሉ

(የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉ ወገኖችና ቤተሰቦቻቸው አዲስ አበባ በተሰበሰቡበት ዕለት ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተቀዳው ድምፅ ላይ ብዙም ሳይነካካ ተገልብጧል።)

እንደምን ዋላችሁ! ደህና ናችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ ኩላሊት ተቀብላችሁ የቆማችሁ፣ ኩላሊት ሰጥታችሁ ሰው ያቆማችሁ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃን። ቅድም ስገባ በሩ ላይ ሁለት እህትማማቾች አገኘሁ። አንዷ ሰጪ ናት፣ አንዷ ተቀባይ። የቷ ሰጪ የቷ ተቀባይ እንደሆነች መለየት አቃተኝ። ሁለቱም ሞልተው፣ ፊታቸው ፈክቶ ነው ያየኋቸው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

እኔ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነኝ። ኩላሊት አልተክልም። የእኔ ሥራ ሆድ ነው። ትርፍ አንጀት፣ የሐሞት ጠጠር፣ ሄርኒያ። አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሄርኒያ ንገርልን» ሲሉኝ አንዳንዶቻችሁ «ሄርኒያና ኩላሊት ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቄያለሁ። ሦስት ነገር ያገናኘዋል። ቦታ ያገናኘዋል። መድኃኒት ያገናኘዋል። ዝምታም ያገናኘዋል። ዛሬ በእነዚህ በሦስቱ ነው የምሄደው፤ ቦታ፣ መድኃኒት፣ ዝምታ።

መጀመሪያ ግን ሄርኒያ ምንድነው? ገጠር ያደጋችሁ «ቡአ» ብትባሉ ወዲያው ይገባችኋል። የሆድ ግድግዳ የሚሳሳበት ወይም የሚላቀቅበት ቦታ አለ። በዚያ በኩል ውስጥ ያለው ስብ ወይም አንጀት ብቅ ይላል። ስትቆሙ፣ ስታስሉ፣ ሽንት ቤት ስታምጡ ይወጣል። በጀርባችሁ ጋደም ስትሉ ይገባል። እናንተ ላይ በብዛት የምናየው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ብሽሽት ላይ የሚወጣው ነው፤ እሱ ማንም ሰው ላይ ይመጣል። ሌላው ኩላሊቱ በተተከለበት በራሱ በቁስሉ ጠባሳ በኩል የሚወጣው ነው።

ለምን እናንተ ላይ? ምክንያቱ ብዙ ነው። ሰውነታችሁ ኩላሊቱን እንዳይቃወም የምትወስዱት ኪኒን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ የቁስል መዳንን ያዘገያል። ንቅለ ተከላ ከተደረገ በኋላ ምግቡ ይጣፍጣል፣ ክብደት ይመጣል። ስኳር ያለበት አለ። ሲጋራ የሚያጨስ አለ፤ ሳሉ ግድግዳውን እየገፋ ያላላዋል። ቁስሉ አመርቅዞበት የነበረ፣ ወይም በሆነ ምክንያት ያው ቁስል ሁለተኛ የተከፈተበት ሰውም አለ። እነዚህ ሲደራረቡ ስፌቱ ይላላል።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥቤ ልግባ። ቦታ።

እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን ኩላሊታችሁ ላይ አድርጉ። አያችሁ? ማንም ጀርባው ላይ አላደረገም። ሁላችሁም ታችኛው ሆዳችሁ ላይ፣ ከብሽሽት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አብዛኛዎቻችሁ በቀኝ በኩል ነው ያደረጋችሁት። ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሌላው ሰው ግን አያውቀውም። ብዙ ሰው አሮጌው ኩላሊት ወጥቶ አዲሱ በእሱ ቦታ የገባ ይመስለዋል። አሮጌዎቹ በአብዛኛው እዚያው ጀርባ ላይ ይተዋሉ፤ አዲሱ ከፊት ለፊት፣ ታች ይቀመጣል። ደም ሥሩ ወደ እግር ከሚወርደው ትልቁ ደም ሥር ጋር ይሰፋል። የሽንት ቱቦው ደግሞ ወርዶ ፊኛ ላይ ይሰፋል። በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ ከአንድ መንታ ለወንድሙ ሲተክሉም ኩላሊቱን ያስቀመጡት ታች ነው። እስከ ዛሬም ቦታው ያው ነው።

ታዲያ ብሽሽት ላይ የሚወጣ ሄርኒያ የሚሠራበት ቦታ ለዚህ ኩላሊት ጎረቤቱ ነው። በጣም የቅርብ ጎረቤት። ወንዶች ላይ ወደ ቆለጥ የሚወርድ ገመድ አለ፤ የአዲሱ ኩላሊት የሽንት ቱቦ ከዚህ ገመድ ሥር ነው የሚያልፈው። ቱቦው ረዘም ወይም ላላ ካለ፣ አንዳንዴ ሄርኒያው ጎትቶ ይዞት ይወርዳል። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ግን ሁለት መከራ ያመጣል። አንደኛ፣ ቱቦው ሲታጠፍ ሽንት መውረጃ ያጣል፤ ኩላሊቱ በሽንት ይወጠራል፤ ክሬአቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ ሄርኒያውን የሚሠራው ሐኪም እዚያ ቦታ የሽንት ቱቦ ይኖራል ብሎ አይጠብቅም።

ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የምነግራችሁ። በእጄ ይዤው ነበር።

ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ስፔሻሊቲ ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ይዤ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ አንድ ሆስፒታል ነበርኩ። ሆስፒታሉን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በዚያ ዘመን እዚህ አገር ንቅለ ተከላ አልተጀመረም። የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው፣ ወይ ዘመድ ያዋጣለት፣ ህንድ ወይም ታይላንድ ሄዶ ነበር የሚያስተክለው። እኔ በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ኩላሊት የተተከለለት ሰው አንድም ቀን መርምሬ አላውቅም ነበር።

ሰውዬው ሃምሳዎቹ ውስጥ ይሆናሉ። በቀኝ ብሽሽታቸው ሄርኒያ አለባቸው። ተመላላሽ ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። «ጋሼ፣ ሌላ በሽታ አለብዎት?» አልኳቸው። «የለብኝም» አሉኝ። «የሚወስዱት መድኃኒትስ?» ስላቸው «ትንሽ ኪኒን አለች» አሉ። የቷ ኪኒን ናት? አልጠየቅኩም። ብሽሽታቸውን አየሁ፣ ቀጠሮ ሰጠሁ፣ ቀጣዩን ጠራሁ።

ቀኑ ደረሰ። ከወገብ በታች አደንዝዘናቸው ገባን። ጨርቁን ስናለብስ ከላይ በኩል የአንድ ጠባሳ ጫፍ አየሁ። የትርፍ አንጀት ነው ብዬ አለፍኩት። አስቡት፣ አየሁት እኮ! አይቼ ነው ያለፍኩት።

ከፈትኩ። ሄርኒያውን አገኘሁት። ከአጠገቡ ነጣ ያለ፣ የብዕር ቀፎ የሚያህል ነገር አገኘሁ። ስብ ለብሶ የተጣበቀ ጅማት መሰለኝ። ላላቅቀው መቀስ ጠየቅኩ። መሣሪያ የምታቀብለኝ ሲስተር ዕድሜዋ የእናቴ ነው። መቀሱን አልሰጠችኝም። ጨርቁን ትንሽ ወደ ላይ ገለጥ አደረገችና «ዶክተርዬ፣ ይኼ ጠባሳ ለትርፍ አንጀት አልረዘመም?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ከብሽሽቱ በላይ ጀምሮ ታጥፎ ወደ ጎን የሚሄድ ረጅም ጠባሳ ነው። በዚህ መሐል በመያዣዬ የነካሁት ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ እንደ ትል ተላወሰ። ጅማት አይላወስም። ደም ሥርም እንዲህ አይላወስም። እንዲህ የሚላወሰው የሽንት ቱቦ ነው። ከኩላሊት የመጣውን ሽንት እየገፋ ወደ ፊኛ ሲያወርድ ነበር።

ሰውዬው ነቅተዋል፤ የደነዘዘው ከወገባቸው በታች ነው። በመጋረጃው በላይ «ጋሼ፣ ይቺን ቀዶ ጥገና የት ነው የተደረጉት?» አልኳቸው። እንዴት ረጋ ብለው እንደመለሱልኝ! «እሷማ ህንድ አገር ነው። ወንድሜ ኩላሊቱን ሰጥቶኝ።»

እጄ ደረቀ። ያቺን ቱቦ ቆርጫት ቢሆን ኖሮ፣ የወንድማቸውን ኩላሊት መግደያው በእኔ መቀስ ነበር።

መሣሪያውን አስቀመጥኩ። ስልክ በጆሮዬ አስይዘውልኝ አዲስ አበባ ያለ የሽንት ቀዶ ጥገና ሐኪም አማከርኩ። ቱቦዋን በርጥብ ጨርቅ ይዘን፣ በቀስታ ወደ ቦታዋ መልሰን፣ ሄርኒያውን ጠገንን። እግዚአብሔር ረዳን። ከሦስት ቀን በኋላ በእግራቸው ሄደው ወጡ።

ሊወጡ ሲሉ «ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ሌላ በሽታ አለብህ ወይ አልከኝ። እኔ እኮ ድኛለሁ።»

ልክ ናቸው። ድነዋል። እናንተም ድናችኋል። ግን ስሙኝ፤ የዳነ ሰውም ቢሆን ጠባሳውን ማሳየት አለበት። «ሌላ በሽታ አለብህ?» ሲሏችሁ «የለብኝም» አትበሉ። «የሰው ኩላሊት ነው የያዝኩት» በሉ። ለካርድ ክፍሉ በሉ። ለነርሷ በሉ። ለማደንዘዣ ባለሙያው በሉ። ቢላ ለሚይዘው ሐኪም ደግሞ እጁን ይዛችሁ፣ ጠባሳው ላይ አድርጋችሁ በሉት። ተሰላቸብኝ ብላችሁ አትተዉ። ሐኪሙ እንደ እኔ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ከነገራችሁት ምን ያደርጋል? ከቀዶ ጥገናው በፊት ክሬአቲኒን ይለካል። ኩላሊቱን በአልትራሳውንድ ያያል፤ በሽንት ተወጥሮ ከሆነ ቱቦው ሄርኒያው ውስጥ ሳይኖር አይቀርም ብሎ ይጠረጥራል። ካስፈለገ ሲቲ ስካን ያዝዛል። ሲቲ ስካን ላይ በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ለኩላሊት ስለሚከብድ፣ እሱን ከኩላሊት ሐኪማችሁ ጋር ይነጋገርበታል። አሠራሩንም ሊቀይር ይችላል። በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራው ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። ሄርኒያው ኩላሊቱ ባለበት በኩል ሲሆን ግን ካሜራው የሚገባበት ቦታ ራሱ ኩላሊቱ የተቀመጠበትና የተጣበቀበት ነው። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ከፊት በኩል ከፍተው መሥራቱን ይመርጣሉ። «ለምን በካሜራ አልተሠራልኝም?» ብላችሁ እንዳታዝኑ።

በጠባሳው በራሱ በኩል የሚወጣውም አለ ብያለሁ። አንዲት ወጣት ትዝ ትለኛለች። ኩላሊት የሰጠቻት እናቷ ናት። ከተተከለላት ሁለት ወር አልሞላትም፤ ሰፈራቸው ውሃ ጠፍቶ ቦቴ መጣ። እናቷ ራሷ በቅርቡ የተቀደደች ናት፤ እሷን ላለማድከም ብላ ልጅቷ ሃያ ሊትር ጀሪካን አንስታ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ከፍቅር ነው ያደረገችው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠባሳዋ ላይ እብጠት መጣ። «ኩላሊቴ አበጠ፣ ሰውነቴ ጠላው» ብላ ስታለቅስ አደረች። ኩላሊቱ ደህና ነበር። አንጀት ነው ኩላሊቱን ተጠግቶ የወጣው። በዚህ ቦታ ያለ ሄርኒያ ሲሠራ ሐኪሙ ኩላሊቱ ላይ ቆሞ የሚሠራ ያህል ነው፤ ብቻውን ባይገባ፣ ከንቅለ ተከላ ሐኪም ጋር አብሮ ቢገባ ይሻላል። የእሷም እንደዚያ ተሠራ። እናንተ ግን እባካችሁ፣ ሐኪማችሁ እስኪፈቅድላችሁ ከባድ አታንሱ። ሰጪዎችም ጭምር! የእናንተም ሆድ ተከፍቷል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ መድኃኒት።

ቅድም ያነሳኋቸው የቦስተን መንትዮች አንድ ዕድል ነበራቸው። ፍጹም አንድ ዓይነት መንትዮች ስለነበሩ፣ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደራሱ ቆጠረው። እናንተ ግን ከእናት፣ ከወንድም፣ ከባለቤት ነው የተቀበላችሁት። ሰውነታችሁ እንግዳውን እንዳያባርር በየቀኑ በየሰዓቱ የምትውጡት መድኃኒት አለ። ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን። የሄርኒያ ቀዶ ጥገና የሚመጣው በእነዚህ መሐል ነው።

ከቀዶ ጥገና በፊት ምን ትባላላችሁ? «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳትቀምስ።» አንድ ልጅ ይህን ቃል በቃል ወሰደው። የጠዋቱን ታክሮሊመስ ተወ። ተራው ሳይደርስ ዋለ፤ ለነገ ተባለ። በማግስቱም ባዶ ሆዱን ሆኖ መድኃኒቱን ተወ። ከተሠራ በኋላ አስታወከው፤ ያን ማታም አልወሰደም። ማንም «ኪኒንህስ?» አላለውም። ሄርኒያው አምሮ ተጠገነ። በሳምንቱ ሰውነቱ ኩላሊቱን መቃወም ጀመረ። ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠው ነው የተረፈለት። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ «ታክሮሊመሴን ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውሃ ልውሰድ?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አዎ» ነው። ግን ጠይቁ። ቢያስታውካችሁ ወዲያው ተናገሩ፤ በሌላ መንገድ የሚሰጥበት ዘዴ አለ።

ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። ሰውነት በጭንቅ ጊዜ የሚያመነጨው የራሱ ኮርቲዞል አለ። ኪኒኑ ዓመታት ሲያግዘው ኮርቲዞሉን የሚያመነጨው ዕጢ ይሰንፋል። በቀዶ ጥገናው ወቅት የደም ግፊት ድንገት ሊወርድ ይችላል። የማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ካወቀ ተጨማሪ መርፌ ያዘጋጃል። ካላወቀ ግን ምን እንደመጣበት አይገባውም። ኩላሊታችሁ የደም ግፊት መውረድን አይችልም፤ የውሃ ድርቀትንም አይችልም። ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይቃወም ከሚሰጡት ውስጥ ሲሮሊመስ ወይም ኤቨሮሊመስ የሚወስድ ካለ ደግሞ፣ እነዚህ ቁስል እንዳይድን ስለሚያደርጉ ሐኪሞቹ ከቀዶ ጥገናው ሳምንታት ቀደም ብለው ሊቀይሩላችሁ ይችላሉ። ራሳችሁ እንዳታቆሙት ብቻ! አደራ!

የህመም ማስታገሻውን ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሄርኒያ ተሠርቶ ያማል። ያማል እንጂ አያምም አልልም። ፋርማሲ ትሄዳላችሁ፤ «ለቁስል ህመም» ስትሉ ዲክሎፌናክ ይሰጧችኋል። ወይ ከአሜሪካ የመጣች አክስት ቦርሳዋን ከፍታ «አድቪል ዋጥ አድርጊበት» ትላለች። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው። ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ታክሮሊመስም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ላይ ድርቀት ሲጨመርበት፣ ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ይጎዳል። ቀዶ ጥገናው በሰላም አልፎ ኩላሊቱ በኪኒን የተጎዳ ሰው አይቻለሁ። አንጀቴን ነው ያሳረረኝ። ለእናንተ ፓራሲታሞል አለ፤ ካልበቃ ሐኪሙ የሚያዝዘው ሌላ አለ። አክስትን አመስግናችሁ አድቪሉን መልሱላት።

አንቲባዮቲክም እንደዚሁ ነው። ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል፤ እነዚህ ታክሮሊመስን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል። ሪፋምፒሲን ደግሞ ያወርደዋል። ጄንታማይሲን በቀጥታ ኩላሊት ይነካል። ስማቸውን እንድትይዙ አይደለም የምዘረዝረው። አዲስ መድኃኒት በታዘዘ ቁጥር «ከታክሮሊመስ ጋር ይሄዳል?» የምትል አንዲት ጥያቄ ያዙልኝ።

የእጥበት ፊስቱላ፣ ማለትም ለደም እጥበት ተብሎ የተገጣጠመ ደም ሥር፣ ክንዳችሁ ላይ ያለ ሰዎች፣ በዚያ ክንድ ግፊት አታስለኩ፣ መርፌም አታስወጉ። ይህን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም።

ሦስተኛው፣ ዝምታ።

አባቴ ገበሬ ነበር፤ ሰሜን ሸዋ። ቡአ ነበረበት። እኔ ልጅ ሆኜ ከእርሻ ሲመለስ መደቡ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በመዳፉ ቀስ እያለ ሲገፋው በበሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ከዚያ የእናቴን አሮጌ መቀነት ጥብቅ አድርጎ ይታጠቅበታል። ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም። በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ብሽሽት አይነገርም።

አንድ ዓመት በአጨዳ ሰሞን፣ ሌሊት፣ አልገባ አለ። ሲገፋው አልገባም። ጠነከረ። አስታወከው። ጎረቤት ተጠራ፤ በቃሬዛ አድርገው መኪና መንገድ እስኪደርሱ ነጋ። ሆስፒታል ሲደርስ አንጀቱ ጠቁሮ ነበር። የሞተው ተቆርጦ ወጣ። አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ እኔም ሐኪም የሆንኩት ከዚያ ሌሊት የተነሳ ነው። ትልቅ ሆኜ ጠየቅኩት። «ልጄ፣ ለሐኪም ሱሪ መፍታት ከብዶኝ ነው» አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እኮ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው!

አሁን ይቺን ልብ በሉልኝ። አባቴ ሙሉ ጉልበት ያለው ሰውነት ነበረው። አንጀቱ ሲታነቅ ሰውነቱ ጮኸ። አተኮሰው፣ ሆዱ እንደ ጣውላ ደረቀ፣ ህመሙ ጎረቤት ቀሰቀሰ። የእናንተ ሰውነት ግን ላይጮህ ይችላል። የምትወስዱት መድኃኒት እንግዳውን ኩላሊት እንዳይቃወም ሰውነቱን ዝም አሰኝቶታል። ያው መድኃኒት ትኩሳቱንም ዝም ሊያሰኘው ይችላል፤ ህመሙንም ሊያለዝበው ይችላል። ስለዚህ «ትኩሳት የለኝም፣ ደህና ነኝ» አይሠራም። ይገባ የነበረው እብጠት አልገባ ካለ፣ ከጠነከረ፣ ቆዳው ቀለሙን ከቀየረ፣ ካስታወካችሁ፣ ሆዳችሁ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም ካልወጣ፣ ነገ አትበሉ። በዚያችው ሰዓት ተነሱ። በኃይል አትግፉት። አንጀት ከደም ተለይቶ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ሽንታችሁ ድንገት ከቀነሰም እንደዚሁ፤ ኩላሊቱ እየነገራችሁ ነው።

ሄርኒያን በቀጠሮ መሥራትና ሌሊት በጥድፊያ መሥራት ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። በቀጠሮ ሲሆን ኩላሊቱ ታይቷል፣ መድኃኒቱ ተስተካክሏል፣ ሐኪሙ ያውቃል። በጥድፊያ ሲሆን ሰውነት ደርቋል፣ ግፊት ወርዷል፣ አንጀት ተበክሏል፤ ኩላሊቱም አብሮ አደጋ ላይ ነው። ሁሉም ሄርኒያ ዛሬውኑ ይሠራ አላልኩም። ንቅለ ተከላው ገና ከሆነና ሄርኒያው ካላስቸገረ፣ መድኃኒቱ በጣም ከባድ የሆነባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት እስኪያልፉ መጠበቅ ይመረጣል። ግን እየተከታተሉ መጠበቅና ደብቆ መጠበቅ አንድ አይደለም። እህቶቼ በተለይ፤ ከብሽሽት ዝቅ ብሎ ጭን ጫፍ ላይ የሚወጣ ትንሽ እብጠት ካለ አትናቁት። ያኛው ዓይነት ቶሎ ይታነቃል። ገና እጥበት ላይ ሆናችሁ ተራ የምትጠብቁም፣ ሄርኒያ ካለባችሁ ከአሁኑ ተናገሩ።

ሻይ ላይ አንዲት እናት «ዶክተር፣ ሄርኒያ ላይ የሚያደርጉት መረብ ለልጄ ኩላሊት ጠላት አይሆንበትም ወይ? ሰውነቱ ሁለት እንግዳ እንዴት ይችላል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው በጣም ግሩም ነው፤ ለሁላችሁም ልመልሰው። የሳሳውን ግድግዳ የምንደግፍበት መረብ ሕይወት የለውም፤ እንደ ስፌት ክር ያለ ነገር ነው። ሰውነት እንደ ኩላሊቱ አይቃወመውም። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይሠራበታል፤ ያለ መረብ የተሠራው ደግሞ የመመለስ ዕድሉ ይበልጣል። የምንፈራው መረቡ እንዳያመረቅዝ ነው። የእናንተ ሰውነት ጀርም የመከላከል ጉልበቱ ቀንሷል። ስለዚህ አንጀት የሞተበት፣ የተበከለ ቦታ ላይ መረብ ማድረግ እናመነታለን። ይኼም ወደ ቅድሙ ይመልሰናል፤ በቀጠሮ ኑልን፣ በንጹሕ ጊዜ ኑልን። ቁስሉ ከቀላ፣ ከረጠበ፣ ከሸተተ ደግሞ ባያተኩሳችሁም ኑ።

አሁን ሲስተሮቹ በየወንበሩ ካርድ እያደሉ ነው። ትንሽ ነች፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። እዚሁ ቁጭ ብላችሁ ሙሉልኝ። ንቅለ ተከላው የተደረገበት ዓመተ ምሕረት። ኩላሊቱ በቀኝ ነው በግራ። የምትወስዱት መድኃኒት ስሙና መጠኑ። ደህና ስትሆኑ ክሬአቲኒናችሁ ስንት እንደሆነ። የክትትል ክሊኒካችሁ ስልክ። መጻፍ ያልቻለ አጠገቡ ያለው ይጻፍለት።

እኔ እስከ መጨረሻው አለሁ፤ ግራ በኩል ካለው ጠረጴዛ ጋ እቀመጣለሁ። ጠባሳው ላይ ወይ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ያለበት ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ ላየው እችላለሁ፤ ለሴቶች ሴት ሐኪም አለች። እኚያ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ የለበሱት እናቴ እጃቸውን ካነሱ ቆዩ። እባካችሁ ማይኩን ያቀብሏቸው።